ሚድልተን ሬልዌይ ላይ ፎቶና ቪዲዮ፦ ባቡሩ ለምን ይጨልማል፣ ፊሽካውስ ለምን ይሰነጠቃል?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን እንደተረዳሁት፣ እንግሊዝ ሊድስ ከተማ ባለው የእንፋሎት ባቡር መስመር፣ ሚድልተን ሬልዌይ፣ ያነሳሃቸው ፎቶዎች ላይ ባቡሩ ጥቁር ጥላ፣ እንፋሎቱ ደግሞ ምንም ዝርዝር የሌለው ነጭ ሆኖብሃል። ቪዲዮው ላይም ፊሽካው ሲነፋ ድምፁ ይሰነጠቃል። ልጆቹን ይዘህ ተመልሰህ ስለምትሄድ ምን ልቀይር፣ የት ልቁም ብለሃል።

መጀመሪያ የምታነሳው ምን ዓይነት ባቡር እንደሆነ አስብበት። መስመሩ በ1758 እ.ኤ.አ. በፓርላማ ሕግ የተፈቀደ የድንጋይ ከሰል መስመር ነው። በፈረስ ጀምሮ በ1812 ወደ እንፋሎት ተሻገረ፤ ባለጥርሱ ሐዲድ የጆን ብሌንኪንሶፕ፣ ሎኮሞቲቩ (ባቡሩን የሚጎትተው ሞተር) የማቲው መሬይ ሥራ ነበር። ከ1960 ወዲህ የሚያንቀሳቅሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እዚያ የምታያቸው ሎኮሞቲቮች ብዙዎቹ እዚያው ሀንስሌት ሰፈር የተሠሩ፣ አጭርና ድንቡሽ ያሉ፣ ጎማቸው ትንሽ፣ ውኃቸውን ቦይለራቸው (የእንፋሎት ማፍያቸው) ላይ ወይም ጎናቸው ላይ የተሸከሙ የፋብሪካና የማዕድን ግቢ ሠራተኞች ናቸው። ስለዚህ ፍጥነት ለማሳየት አትድከም። የሚያምሩት ከቆሙበት ሲነሱና ዳገት ሲይዙ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ባቡሩ ጨልሞ እንፋሎቱ አብሮ ከነጣ፣ ከካሜራው በፊት የቆምክበትን ጎን ጠርጥር፤ ፀሐይዋ ከባቡሩ ጀርባ ነበረች ማለት ነው። መስመሩ ባመዛኙ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚሄድ ጠዋት ከምሥራቅ ጎን፣ ከሰዓት ከምዕራብ ጎን ቁም። እኩለ ቀን ላይ በሞቃቱ ወራት ፀሐይዋ ከላይ ስለምትመጣ ጎማውና ዘንጎቹ ጥላ ውስጥ ይገባሉ። በብርዱ ወራት ግን ሊድስ እንደ አዲስ አበባ አይደለም፤ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ በቀትር እንኳ ከአድማስ 13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ብርሃኑ በአግድም ገብቶ እያንዳንዱን ብሎን ያሳይሃል። በዚያ ላይ እንፋሎት ጎልቶ የሚታየው በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ነው፣ በሞቃት ቀን ከጭስ ማውጫው ወጥቶ ወዲያው ይጠፋል። ምርጫ ካለህ ብርዱን ምረጥ።

ቦታው ከተስተካከለ በኋላ ካሜራው ሌላ ስህተት ይሠራል። ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ሎኮሞቲቭ ፍሬሙን ሲሞላው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፣ እንፋሎቱም ይቃጠላል፣ ማለትም ዝርዝር የሌለው ነጭ ይሆናል። የተቃጠለ ነጭ በኋላ አይመለስም፤ የጨለመ ጥቁር ግን በራው (RAW፣ ካሜራው ባልጨመቀው ፋይል) ከተነሳ ይመለሳል። ስለዚህ ኤክስፖዠሩን (የብርሃን መጠኑን) ከ0.7 እስከ 1 ደረጃ (ስቶፕ) ቀንስ፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃን ስርጭቱ ግራፍ) በቀኝ በኩል ግድግዳውን እንዳይነካ አድርግ። በስልክ ከሆነ ነጩ ላይ ጣትህን ጫን አድርገህ ቆልፍ፣ ከዚያ ትንሽ አውርደው።

ሌንስ ላይ፣ ሰፊውን ይዘህ አትጠጋ። አጭር ሎኮሞቲቭ በሰፊ ሌንስ ከቅርብ ሲነሳ አፍንጫው አብጦ ኋላው ይጠፋል። ራቅ ብለህ በ50 ወይም በ85 ሚሊ ሜትር፣ በስልክ በ2 እጥፍ ሌንስ፣ ከፊትና ከጎን መሐል ካለ ማዕዘን አንሳ። ጎንበስ በል፤ ካሜራው በጎማው መሐል ቁመት ሲሆን ትንሹ ባቡር ግርማ ያገኛል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ዘንጎቹ ናቸው። ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ ወደ ታች ሲወርድ ጎማው ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ሲወጣ ግን ይሸፍነዋል። ይህ አቀማመጥ በአንድ ዙር አንዴ ብቻ ነው የሚመጣው። ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ ከአንድ ዙር ትንሽ በላይ ይዞራል። በሰከንድ 10 ፎቶ ካነሳህ በየዙሩ ሰባት ያህል ታገኛለህ፣ ከነሱ አንዱ ልክ ይሆናል። የሸተሩን (የካሜራውን መዝጊያ) ፍጥነት 1/500 ሰከንድ አድርገው። የጎማው መዞር እንዲታይ ከፈለግህ ደግሞ 1/30 ላይ አድርገህ ካሜራውን ከባቡሩ ጋር እኩል አዙር፤ ብዙው ይበላሻል፣ የሚሳካው ግን ሕይወት አለው።

የት ልቁም ላልከው፣ ከመነሻው ሙር ሮድ ጣቢያ በሌላው ጫፍ ወዳለው ፓርክ ሲሄድ ሽቅብ ስለሆነ ሎኮሞቲቩ የሚለፋው ወደዚያ ሲወጣ ነው። ጭስ ማውጫው በየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ሠራተኞቹን ጠይቅ፤ ሎኮሞቲቩ ስለማይዞር በአንዱ ጉዞ ፊቱን፣ በሌላው ጀርባውን ይሰጥሃል። ሲነሳም ቶሎ አትጫን። ሲቆም ሲሊንደሩ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ስለማይታመቅ፣ ሹፌሩ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ማፍሰሻዎቹን ከፍቶ ያስወጣዋል። እንፋሎቱ በጎን ተፍቶ ጎማውን ሁሉ ይሸፍናል። ማፍሰሻው ተዘግቶ ጭስ ማውጫው በኃይል መተንፈስ ሲጀምር ነው ፎቶው።

ኢንጂን ሀውስ በሚባለው የመስመሩ ሙዚየም አዳራሽ ውስጥ ብርሃኑ ከመብራት ነው። የእንግሊዝ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 ካላደረግከው አንዳንድ መብራት ፎቶው ላይ ጥቁር ሰንበር ያወጣል። የነሐሱን የፋብሪካ ሰሌዳ ፊት ለፊት ካነሳኸው ራስህን ታያለህ፣ ትንሽ ሸርተት በል። ሰሌዳውን ሳታነሳ አትውጣ፤ ስምና ቀለም ይቀየራል፣ የአምራቹ ስም፣ የሥራ ቁጥሩና ዓመቱ ግን የሎኮሞቲቩ መታወቂያ ናቸው።

ቪዲዮ ላይ ድምፁ ከምስሉ ይበልጣል። ሁለት ሲሊንደር ያለው ሎኮሞቲቭ በአንድ የጎማ ዙር አራት ጊዜ ይተነፍሳል፣ ዳገት ላይ ያን መቁጠር ትችላለህ። ካሜራው ድምፅን በራሱ ሲያስተካክል ግን ዝም ሲል ከፍ ያደርገዋል፣ ከዚያ ፊሽካው ድንገት ሲመጣ ይሰነጠቃል። ያንተም ችግር ይኸው ነው። የድምፅ መጠኑን በእጅ ያዝና ለትንፋሹ መለኪያው ላይ ከዜሮ በታች 20 ዴሲቤል አካባቢ ተወው፣ ለፊሽካው ቦታ ይኑረው። ማይኩ ላይ ፀጉራም የንፋስ መከላከያ አድርግ፤ ከሚያወሩ ሰዎችም አርቀው። ምስሉን በሰከንድ 25 ፍሬም በ1/50 ቅረጽ፣ ብርሃን ከበዛ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) ጨምር። ኤክስፖዠርና ዋይት ባላንስ (የቀለም ማስተካከያው) ባቡሩ ሳይመጣ ይቆለፉ፣ አለዚያ እንፋሎቱ ሲያልፍ ምስሉ ይጨልማል ይበራል። ትራይፖድ ላይ ካደረግከው አትነካካው፤ ባቡሩ ገብቶ ይውጣ፣ ከፊትና ከኋላ 10 ሰከንድ ትርፍ ተው።

ሌንሱ ላይ አመድ ሲያርፍ በጨርቅ አትጥረገው፣ ይቧጥጠዋል፤ በአየር መንፊያ መጀመሪያ አራግፈው። ከአጥር ውጭ ሁን፣ ሹፌሩ ላይ ፍላሽ አታብራ፣ ልጆቹን ከመድረኩ ጠርዝ አርቅ። አዳራሹ ውስጥ ትራይፖድ ለመዘርጋት ወይም ፎቶውን ለንግድ ለመጠቀም ካሰብክ ቀድመህ ጠይቃቸው።