የሰው ትዝታ ወደ ኮምፒውተር ቢጫን ነፍሱ አብራ ትሄዳለችን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ልጆቼ «አፕሎድ» የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ አስቂኝ ድራማ ሲያዩ አብሬያቸው አየሁ። የሚሞተው ሰው ትዝታው ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይጫንና እዚያ ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር እያወራ ይኖራል። ስቀንበታል፤ ግን እናቴን የቀበርኩት በቅርቡ ስለሆነ «ይህ ቢኖርስ ኖሮ» የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ። እንዲህ ቢደረግ የሰውየው ነፍስ እዚያ ናት ማለት ነው? የእናቴ የድምፅ መልእክቶችም ስልኬ ላይ አሉ፤ በእሷ ድምፅ የሚመልስ ፕሮግራም አሠሪ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ድራማውን ማየታችንስ ኃጢአት ይሆንብናል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ የእናትዎን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያሳርፍልን። እናትን መናፈቅ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው እያለ እንኳ አልቅሶለታል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ አይደለችም። ትዝታ የነፍስ ሥራ ነው እንጂ ነፍስ ራሷ አይደለችም። የመርሳት ሕመም ይዟቸው የልጆቻቸውን ስም የዘነጉ አረጋዊ ነፍሳቸው አልጎደለችም። ተጠምቆ በሳምንቱ ያረፈ ሕፃንም ኮምፒውተር ላይ የሚጫንለት ትዝታ የለውም፤ በእግዚአብሔር ፊት ግን ሙሉ ሰው ነው።

ድራማው ራሱ ሳያስበው ይህን ያሳያል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2033 ይጀምራል፤ ኔታን የሚባል ወጣት መኪና ተጋጭቶበት ሲሞት ይጫናል። በኋላ ግን መጠባበቂያ ቅጂው ይነሣና ሁለት ኔታኖች ይሆናሉ። ተመልካቹ ይስቃል። እኔ ግን ቆም ብለው እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ፦ አንደኛው ንስሐ ቢገባ ለሌላው ይቆጠርለታል? በፍርድ ቀን የሚቆመው የትኛው ነው? የሚባዛ ነገር ቅጂ ነው፤ ነፍስ አትቀዳም። ሰው ሲያርፍ መጽሐፈ መክብብ እንደሚለው አፈር ወደ ምድር ይመለሳል፣ ነፍስም ወደ ሰጠው ወደ እግዚአብሔር ትመለሳለች፤ በመካከል የሚያስቀራት ማሽን የለም።

ደግሞ እኛ በጸሎተ ሃይማኖት የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን ስንል ያለ ሥጋ ስለሚቀጥል ኑሮ አይደለም የምንናገረው። በድራማው ሰው ሲጫን ጭንቅላቱ ይጠፋል፤ ሥጋው እንደ ትርፍ ነገር ይጣላል። ጌታችን ግን ከሙታን ተለይቶ ሲነሣ «መንፈስ ሥጋና አጥንት የለውምና እኔን ዳስሳችሁ እዩ» አላቸው፤ ከተጠበሰ ዓሣና ከማር ወለላም በፊታቸው በላ። አቅፈው ያሳደጉዎት የእናትዎ እጆች ከመቃብር ይነሣሉ። ተስፋችን ይህን ያህል ትልቅ ነው።

እኔን ከሁሉ ያሳዘነኝ ገንዘቡ ነው። ኔታን የሚኖርበት ሌክቪው በሐይቅ ዳር ያለ ያማረ ሆቴል ይመስላል፤ ወጪውን የምትከፍለው ሀብታም ፍቅረኛው ስለሆነች በእጇ ውስጥ ነው። ድሆቹ ደግሞ ከታች ባለው ወለል በወር ሁለት ጊጋባይት ብቻ ይሰጣቸዋል፤ ሲያልቅባቸው እስከሚቀጥለው ወር ደርቀው ይቀራሉ። የደንበኞች አስተናጋጆቹንም «መልአክ» ይሏቸዋል! በወንጌል ግን ቁስሉን ውሾች ይልሱለት የነበረውን ድሃውን አልዓዛር መላእክት ወደ አብርሃም እቅፍ ሲወስዱት ማን ከፈለለት? «ለተጠማ ከሕይወት ውኃ ምንጭ እንዲያው እኔ እሰጣለሁ» ነው ያለው ጌታ።

የድምፅ መልእክቶቹን ይያዟቸው፤ ሲናፍቁም ያዳምጡ፤ እናትዎ በእርግጥ የተናገሩት ነው። ፕሮግራሙን ግን አያሠሩ። መናፍስት መጥራት ነው አልልዎትም፤ ግን እናትዎ ያላሉትን በአፋቸው ማስቀመጥ በእርሳቸው ላይ ሐሰት መመስከር ነው። «ልጄ፣ ደኅና ነኝ» ቢልዎት ያሉት እርሳቸው አይደሉም፤ እርስዎም ለእርሳቸው ይጸልዩበት የነበረውን ሰዓት ከማሽኑ ጋር ሲያወሩ ያሳልፉታል።

ማየቱን በተመለከተ፣ ሰው ስለ ሞት እንዲያስብ የሚያደርግ ጨዋታ ሁሉ አይነቀፍም። ይህ ግን ለአዋቂ የተሠራ ነው፤ ነውር ንግግርና የመኝታ ትዕይንት አለበት፤ የልጆቹን ዕድሜ እርስዎ ያውቃሉ። ካዩት ግን የኔታን «መልአክ» የሆነችው ወጣት፣ የኖራ፣ አባት ላይ አተኩሩ። ታሞ ሳለ ልጁ እንዲጫን ስትለምነው እምቢ ይላል፤ ቀድማው የሞተችውን ሚስቱን በእውነተኛው መንግሥተ ሰማያት ማግኘት ይፈልጋልና። ለምን እምቢ እንዳለ ልጆችዎን ይጠይቋቸው።

የእናትዎን ስመ ክርስትናም ይላኩልኝ፤ በቅዳሴ እናስባቸዋለን።