ቁልፉ አልተሰበረም

የሰፈራችን የሮንድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሁድ የመጋዘኑ ስርቆት የተነሣበት የእድራችን ስብሰባ ሳያልቅ ተነሥቼ የወጣሁት ጉልበቴን አሞኝ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። ቤቴ ገብቼ ጋቢዬን ደርቤ ሳስበው ግን የንዴቴ ግማሽ በራሴ ላይ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ችሎት ተቀምጬ የኖርኩ ሰውዬ፣ የገዛ ሰፈሬ ሰው ያለ ምስክር ሲፈርድ አንዲት ጥያቄ ጠይቄ ዝም አልኩ። "ቁልፉ ተሰብሯል ወይ?" ነበር ያልኩት። አልተሰበረም። ትንሽ ጸጥታ ሆነ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ወሬው ተመለሰ።

እስቲ እንደ መዝገብ እንየው። ከመጋዘኑ የጠፉት ስድስት ጎላዎችና የድንኳኑ ሸራ ናቸው። አንዱን ጎላ ባዶውን ለማንሳት ሁለት ጎረምሳ እንደሚፈልግ ለቅሶ ቤት ያገለገላችሁ ታውቃላችሁ። ስድስቱን ለመውሰድ ጋሪ ወይም ባጃጅ መመላለስ አለበት፤ ማስቀመጫና ገዢም ያስፈልጋል። መናኸሪያው ደጃፍ የሚያድሩት ልጆች ያላቸው ንብረት አንድ አንድ ማዳበሪያ ነው። እኔ ሌባው እገሌ ነው አላልኩም፣ ዛሬም አልልም፤ ዕቃውም እስካሁን አልተገኘም። ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ "ጎዳና ተዳዳሪዎቹ ይነሡልን" ተባለ፣ ከእናንተም አንዱ "ፀጉረ ልውጥ ሁሉ እየተለቀመ ይውጣ" አለ፣ ተጨበጨበ። ቁልፉ በማን እጅ እንደሚያድር የጠየቀ አልነበረም። (የእድራችን ዳኛ እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። ጡረታ የወጣ ዳኛ በእድር ዳኛ ፊት ተራ አባል ነው፤ እንዲያ መሆኑም ደግ ነው።)

ፍርሃታችሁን አላቃልለውም። ከማታ ትምህርት የምትመለስ ልጅ ስልኳን ተነጥቃ፣ ተገፍታ ወድቃ እጇ ተሰብሯል፤ እጇን በነጠላ ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ማስቲሽ የሳበ ልጅ ምላጭ ይዞ ሲመጣ ስለ ድህነት መንስኤ የምታስቡበት ጊዜ የለም። የሰረቀ ይያዝ፣ ይከሰስ፣ ይቀጣ። ይህን ስል የኖርኩ ነኝ። ግን የዚያችን ልጅ ስልክ የነጠቀው አንድ ሰው ነው። እጅና እግር፣ የለበሰው ልብስ፣ የሮጠበት አቅጣጫ አለው። "እነሱ" ያላችሁ ዕለት እሱን ለቀቃችሁት። አርባ ሰው ጠርጥሮ የሚያባርር ሰፈር አንዱን ሌባ ፈልጎ አያገኝም፤ ሌባው ከአርባው ጋር ተባሮ ማታ ይመለሳል፣ ወይም ጭራሹን ከአርባው አንዱ አልነበረም።

በዚሁ በሸዋ አያቶቻችን ሌባ የሚያወጡበት ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ አውጫጭኝ ነው፣ አፈርሳታም ይሉታል። ያገሬው ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ እየማለ ያየውንና የሰማውን ያወጣል፤ ሌባው ካልተገኘ ዕዳው ባገሩ ሰው ላይ ይወድቃል። ከባድ ነበር፣ ሥራ ያስፈታል፣ ድሃውንም ያስመርራል። ሆኖም ሁሉም ተጠያቂ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ሁለተኛው ሌባሻይ ነው። ለአንድ ብላቴና መድኃኒት ያጠጡታል፣ ወገቡን አስረው ገመዱን ይዘው ይከተሉታል፤ ሲንገዳገድ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ቀርቷል እንላለን። እሁድ ዕለት ያደረግነው ሌባሻይ ነው፤ ልዩነቱ ዕዳውን የጫንነው በብላቴናው በራሱ ላይ መሆኑ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ጥፋት ልንገራችሁ።

ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በአንድ ወረዳ ስሠራ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሊስትሮ፣ አጥር ላይ የተሰጣ ባና ሰርቀሃል ተብሎ ቀረበ። ፖሊስ ለምርመራ 14 ቀን ጠየቀ፣ ፈቀድኩ። ሌላ 14 ቀን ጠየቀ፣ ፈቀድኩ። ዋስትናውን አምስት መቶ ብር አልኩት። ለእኔ ቀላል ገንዘብ መስሎኝ ነበር። ልጁ የሚያስይዝለት ዘመድ አልነበረውም፤ ምስክር እስኪሰማ አምስት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ድረስ ታሰረ። የባናው ባለቤት ቀርባ "ፊቱን አላየሁም፤ እዚያ ጋ ጫማ ስለሚጠርግ ነው የጠረጠርኩት" አለች። በነጻ አሰናበትኩት። ሲወጣ ሣጥኑና ብሩሹ የሉም፣ የሚቀመጥበትን ቦታ ሌላ ይዞታል። በዓመቱ ሱቅ ሰብሮ ዕቃው በእጁ እንዳለ ተያዘና እኔው ፊት ቀረበ። ፈረድኩበት። ሁለቱም ውሳኔዎች በሕግ ትክክል ነበሩ፤ ይግባኝ ቢባልም አይሻሩም። ያጠፋሁት ከሁለቱም በፊት ነው። "500 ብር" ብዬ ስጽፍ ያ ልጅ ሰው እንደሌለው አውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ችሎት ላይ አንድ ነገር ማየት ጀመርኩ። በአንድ ዓይነት ወንጀል ከተጠረጠሩ ሁለት ልጆች፣ እናት ያለችው ለምሳ ቤቱ ይደርሳል። ሌላው ማረፊያ ቤት ያድራል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ፊቱ ከስቶ፣ ጠጉሩ አድጎ ሲመጣ ደግሞ ወንጀለኛ ይመስላል። በ1996 የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ደግሞ ጭራሹን ዋስትና ይከለክላል። ግን ያ ጥብቅ አዋጅ እንኳ መተዳደሪያ ማጣትን ብቻውን ጥፋት አላደረገውም፤ በዝርዝር ካስቀመጣቸው ድርጊቶች አንዱን ሲያደርግ መገኘት አለበት ይላል። እኛ ከአዋጁ ባስን።

"ሥራ ፈት ናቸው፣ ለምን አይሠሩም?" ብላችኋል። መናኸሪያው ደጃፍ ካሉት አንዱን ጠይቄው ነበር፤ ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ነው፣ መጀመሪያ ቻይና ካምፕ በሚባለው የተፈናቃዮች መጠለያ ከአጎቱ ጋር ነበር። ዳቦ ቤት ሥራ አገኘ፣ ተያዥ አምጣ አሉት። ተያዥ የሚሆነው ሰው መታወቂያውን ጠየቀ። መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌው መሸኛ አምጣ አለው። መሸኛ የሚጽፍለት ቀበሌ እሱ ሸሽቶ የወጣበት ነው። በዚህ ላይ የቤት ኪራይ የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግርም፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ከተከፈተ ወዲህ ከመንዝና ከየገጠሩ ለሥራ የሚመጣው ልጅ፣ ከዚያም የአጣዬ ቃጠሎና የወለጋው መፈናቀል ተጨምሮ፣ ደብረ ብርሃን ጭንቅንቅ ብላለች። የብርድ ልብስ ከተማ ናት ይሏታል፤ በታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ለሮንድ ስትወጡ ማዳበሪያ ውስጥ ገብተው የሚንቀጠቀጡትን አይታችኋል።

ይባረሩ ብንልስ ወዴት? ደብረ ሲና ብናወርዳቸው ደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ያወርዳቸዋል። ሸዋ ሮቢትስ ቢያንስ ይሞቃል።

"ፀጉረ ልውጥ" የሚለው ቃል ደግሞ አልወጣልኝም። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና ሲቃረብ ከዚሁ ሰፈር ስንቱ ፍራሹን ጭኖ አዲስ አበባ እንደገባ እኔም እናንተም እናውቃለን። ያን ሰሞን የእኔ ልጆች በሰው ሰፈር ፀጉረ ልውጥ ነበሩ፤ ከአከራይ አከራይ ሲንከራተቱ "ከየት ነው የመጣችሁት?" ሲባሉ ሰንብተዋል። ቋንቋችን ለማኙን "የኔ ቢጤ" ብሎ ይጠራዋል። ቃሉን ያወጣው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ፤ ለትሕትና ይሁን ለፍርሃት። እናቴ ሰንበቴ ሲደርሳት መጀመሪያ የምትቆርሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለተቀመጡት ነበር፤ ጠላው ሲቀዳም እንዲሁ። ከእነሱ መሃል ሌባ የለም ብላ አልነበረም። አንዱ ነጠላዋን ሰርቋት ያውቃል፤ በሚቀጥለው ወር ቆርሳ ሰጠችው፣ ነጠላዋን ግን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች።

እኔም አንዴ ተያዥ ሆኜ ተቃጥያለሁ፤ ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር ውሸታም እሆናለሁ። ዳቦ ቤት ያስገባሁት ልጅ የሁለት ቀን ሽያጭ ይዞ ጠፋ፤ ከጡረታዬ ከፈልኩ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ሌላ ሦስት ልጅ ደግሞ ተያዝኩ፤ ሁለቱ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው፣ ሦስተኛው ያለበትን አላውቅም። አንዳችሁ ብቻችሁን ተያዥ ሁኑ አልላችሁም፤ ወጣት ናችሁ፣ የምታጡት ገንዘብ የላችሁም። እድሩ ግን ገንዘብም ማኅተምም አለው። ለአምስት ልጅ በማኅበር ተያዥ ቢሆን፣ አንዱ ቢከዳ ኪሳራው ከአንድ ጎላ ዋጋ አይበልጥም። ፋይዳ ለማውጣትም ሰነድ የሌለው ሰው በሰው ምስክርነት የሚመዘገብበት መንገድ አለ፤ ምስክር መሆን ደግሞ ብር አያስከፍልም።

ስለ ሮንዱ። ሮንዱን አትተዉት፣ አስፈላጊ ነው። ዱላውን ግን ቤት አስቀምጡት፤ ባትሪ ይበቃል። የያዛችሁትን ሰው አትምቱ፤ የተመታ ተጠርጣሪ ችሎት ፊት ሲቀርብ የእናንተ መዝገብ ይበላሻል፣ እናንተም ራሳችሁ ተከሳሽ ትሆናላችሁ። ፖሊስ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት፤ ያስረከባችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን የወንጀል ሕጉ አይጠይቀውም፣ እናንተም አትጠይቁት፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው ከአዋቂ ጋር መታሰር የለበትም። ያቺ ጥግ ላይ ከነልጇ የምታድረውን ሴት ደግሞ ማታ ማታ እያያችሁ እለፉ። በዚህ ሰፈር ሌሊት ሌሊት ጥቃት የሚደርስባት እሷ ናት፤ ከእኛ በላይ ሮንድ የሚያስፈልጋትም እሷ ናት፣ እድር ግን ስለማትከፍል ስብሰባ ላይ አትናገርም።

በሚቀጥለው እሁድ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ "ጎዳና ተዳዳሪዎች እንዲነሡ ተወሰነ" የሚለው ዐረፍተ ነገር እንዲሰረዝ እጄን አወጣለሁ። በምትኩ የመጋዘኑ ቁልፍ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ይጻፍ። ብቻዬን ብሆንም አወጣለሁ፤ ግን ብቻዬን ባልሆን ደስ ይለኛል።

ሐሙስ ማታ ተረኞች ማን ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ቆሎ ይዤ መናኸሪያው ጋ እመጣለሁ። እስከዚያ ያንን ኮፍያ የማያወልቀውን ትንሹን ልጅ ስሙን ጠይቁልኝ። እኔ ሦስት ጊዜ ጠይቄው ሦስት የተለያየ ስም ነግሮኛል።