መልስ፦ በርሚንግሃም (እንግሊዝ) መሃል ከተማና ቦዩ ዳር

ወንድሜ፣ «እናቴን ይዤ ለግማሽ ቀን ቀስ ብለን የምንዞርበት መንገድ» ላልከው፣ ከኒው ስትሪት ባቡር ጣቢያ ተነሱ። ቪክቶሪያ አደባባይን አልፋችሁ ወደ ሴንቴነሪ አደባባይ ሂዱ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተው ቤተ መጻሕፍት እዚያ ነው። ክፍት ከሆነ 7ኛ ፎቅ ላይ ያለውን የአትክልት ቦታ ሳታሳያቸው እንዳታልፍ።

ከዚያ ሁለት ቦዮች ወደሚገናኙበት የጀልባ ማቆሚያ፣ ወደ ጋዝ ስትሪት ቤዝን ውረዱ። እኔን ከጠየቅከኝ ዋናው ይሄ ነው። ውሃው መሃል ጠባብ ግድብ ታያላችሁ። አንዱ የቦይ ኩባንያ «ሌላው ውሃዬን ይወስድብኛል» ብሎ ስለፈራ ነው የቀረው። ሁለቱ ቦዮች አፍ ለአፍ ገጥመው ጀልባ አያልፍም ነበር! ጭነቱ በሰው ጉልበት ከወዲያ ወዲህ ይሻገር ነበር። በር የተከፈተለት እ.ኤ.አ. በ1815 ነው።

ቦዩን ይዛችሁ ቀጥሉ። ክቧ ደሴት ጋ ስትደርሱ ወደ ቀኝ ያለውን ቦይ ተከተሉ። በፋርመርስ ብሪጅ ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ 13 የውሃ በሮች ተደርድረው ቁልቁል ይወርዳሉ። ዝናብ ከነበረ መንገዱ ያዳልጣልና እናትህን ደገፍ አድርጋቸው። ከደከማቸው ሁሉንም መጨረስ የለባችሁም፤ ወደ ስኖው ሂል ሰፈር ውጡ። ስትመለሱ ሴንት ፊሊፕ ካቴድራል ግቡና የከተማው ልጅ ሠዓሊው በርን ጆንስ የነደፋቸውን ባለቀለም መስኮቶች እዩ። ኒው ስትሪት ከዚያ ቅርብ ነው።