«ሴንሰሩ ብርሃን ይበላል» ይባላል ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉልኝ? ቸርችል ጎዳና አካባቢ ያገለገለ ካሜራ እሸጣለሁ። ሰሞኑን «መስታወት አልባ ካሜራ፣ ፉል ፍሬም፣ ሴንሰሩ ብርሃን ይበላል» ብዬ ብለጥፍ ሰው ሳቀብኝ፣ አንዱማ «መስታወት ከሌለው በምን ሊያነሳ ነው?» አለኝ። ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? ደሞ ሴንሰርና ሳንሱር አንድ ቃል ነው የሚሉኝ አሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋናው ችግር «ይበላል» ላይ ነው። እኛ ዕቃን «ይበላል» ካልን ያባክናል፣ ይጨርሳል ማለታችን ነው፤ መኪናው ነዳጅ ይበላል፣ ምጣዱ መብራት ይበላል፣ ስልኬ ካርድ በላብኝ እንላለን። እና ብርሃን የሚበላ ሴንሰር (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ሲባል ለአንባቢ የሚገባው ብርሃን ካልበዛለት የማይሰራ፣ ማታ የሚያስቸግር ነው፣ አንተ ደሞ ልትል የፈለግከው የዚህን ተቃራኒ። ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፣ ክሮፕ የምንለው አነስ ያለው ሴንሰር በግምት 23.5 በ15.6 ነው (የካኖኑ ከዚህም ትንሽ ያንሳል)፣ በስፋት ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል ማለት ነው፣ ስለዚህ የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥርና የመዝጊያው ፍጥነት እኩል ሆኖ ማታ ፒያሳ ላይ ብታነሳ ብዙ ብርሃን የሚያገኘው ፉል ፍሬሙ ነው፣ ጥላ ውስጥ ያለ ፊት ላይ ኖይዙ (ምስሉን የሚያበላሸው ነጠብጣብ) ያንሳል። «ይሰበስባል» በል፣ «ይቀበላል»ም ያስኬዳል።

«ይበላል» የሚያምረው ለባትሪው ነው። ዲኤስኤልአር (ባለ መስታወቱ ካሜራ) ላይ ብርሃኑ በመስታወት ተንጸባርቆ ዓይንህ ጋ ይመጣል፣ ሴንሰሩ ቁልፉን እስክትጫን አርፎ ይጠብቃል፤ ሚረርለስ (ያንተው መስታወት አልባ) ላይ ግን መስታወቱ ስለወጣ ገና ስታነጣጥር ሴንሰሩም አጮልቀህ የምታይባት ትንሿ ስክሪንም አብረው እየሰሩ ነው። ባትሪ ይበላል ብትል አማርኛውም ካሜራውም ይመሰክሩልሃል፣ ገዢ ግን ላይወድልህ ይችላል።

«መስታወት አልባ» ሰዋስዉ ምንም አልሆነም፣ ቤት አልባ፣ ሀገር አልባ እንደምንለው ነው። ብቻ መስታወት እኛ ጋ ፊት የምናይበትም ነው የመስኮቱም ነው፣ ሌንስ ደሞ በመስኮቱ ወገን መስታወት ነው፣ ስለዚህ ሰውየው ሌንስ የሌለው መስሎት ከሆነ አልፈርድበትም። እኔን ከጠየቅከኝ ሚረርለስ በለው፣ ካሜራ ካልን ሌንስ ካልን እዚች ላይ መግደርደር ምን ያደርጋል።

ሴንሰርና ሳንሱር ግን አይገናኙም። ሳንሱር በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው፣ ጽሁፍ ከመታተሙ በፊት የሚደረግ ምርመራ፣ በ1985 የፕሬስ አዋጅ የተከለከለው እሱ። ሴንሰር ከእንግሊዝኛ መጣ፣ ሥሩ መሰማት ወይ ማወቅ የሚል የላቲን ግስ ነው፣ የሳንሱር ሥር ሌላ ነው፣ መመዘንና መፍረድ። «ፖስቴ ሴንሰር ተደረገ» የሚሉ ልጆች አሉ፣ እሱ «ሳንሱር ተደረገ» ነው መባል ያለበት።