ለአንዲት የጎንደር ተማሪ፦ በጨዋታ የሚሰጥ ትምህርትና የጀርመኑ ኢንተርንሺፕ

ውድ እህቴ፣

ከጎንደር የጻፍሽልኝን ደብዳቤ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የአራተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽ፣ ትምህርትን በጨዋታ መልክ በሚያዘጋጅ አንድ የጀርመን ድርጅት ውስጥ ከጁላይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ኢንተርንሺፕ (የሥራ ልምምድ) ለመውጣት እንዳሰብሽ፣ ከአውሮፓ ተማሪዎች ጋር ስትወዳደሪ ግን የምታቀርቢው ነገር ያነሰ መስሎ እንደታየሽ፣ በዚህ ላይ አንድ ደላላ «ጉዳዩን እኔ እጨርሳለሁ» ብሎ ገንዘብ እንደጠየቀሽ ገልጸሻል።

የደላላውን ነገር አስቀድሜ ልዝጋው። በጀርመን ደንብ መሠረት በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ከአራተኛው ሴሚስተር በኋላ ከትምህርት መስኩ ጋር የተያያዘ ልምምድ ማድረግ ይችላል፤ ለዚህም የአገሪቱ የሥራ ኤጀንሲ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ይህንን የሚጠይቀውም ተቀባዩ ድርጅት ነው። ስለዚህ ደላላው የሚሸጥልሽ ነገር የለውም። ከጁላይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ደግሞ 92 ቀን ስለሆነ ለአጭር ጊዜ ቆይታ በሚሰጠው የ90 ቀን የሼንገን ቪዛ አይሸፈንም፤ የረጅም ጊዜ ቪዛ ማመልከት ይኖርብሻል፤ የጀርመን ኤምባሲ ወዳለበት ወደ አዲስ አበባ የምትመላለሺበትንም ወጪ ከወዲሁ አስቢበት። በፓስፖርትሽና በትራንስክሪፕትሽ ላይ የአባትሽ ስም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን ዛሬውኑ ተመልከቺ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በረቂቅ ማመልከቻሽ ላይ የደረደርሻቸውን የፕሮግራም ቋንቋዎች ማንኛውም አመልካች ይጽፋቸዋል። በደብዳቤሽ ግርጌ እንደ ዋዛ ያነሳሽው፣ ለሰፈርሽ ልጆች ክፍልፋይ ለማስጠናት በስልክ የሠራሽውና ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው የጥያቄና መልስ ጨዋታ ግን የአንቺ ብቻ ነው። ኮሊብሪን የመሳሰሉ ክፍት የመማሪያ ሥርዓቶች የተሠሩት ኢንተርኔት በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ቦታ እንዲያገለግሉ ነው፤ አንቺ ደግሞ ይህን ችግር ያወቅሽው ኖረሽበት ነው። ልጆቹ የት ላይ እንደተሳሳቱ፣ የት ላይ እንደሰለቹና አንቺ ምን እንደቀየርሽ በሁለት ገጽ ጽፈሽ ከማመልከቻው ጋር አያይዢው፤ የልጆቹን ስምና ፎቶ ግን አታውጪ።

በቃለ መጠይቁ ላይ ነጥብና የደረጃ ሰንጠረዥ ልጆችን እንደሚያተጋ ብቻ ብትናገሪ፣ ጠያቂዎቹ ይህን አስቀድመው የሚያውቁት ስለሆነ የሚያስደንቃቸው አይመስለኝም። በ1973 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት ባወጡት ጥናት፣ መሳል የሚወዱ ሕፃናት ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው ከሣሉ በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ለመሳል ያላቸው ፍላጎት ቀንሶ ተገኝቷል፤ ሳይጠብቁት በተሸለሙት ላይ ግን ይህ አልታየም። ከዚህ ጎን የእኛን እንቆቅልሽ አስቀምጪው። «ምን አውቅልህ» ብሎ መልሱን ያጣ ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገር ከሰጠ በኋላ መልሱ ይነገረዋል። (እኔም በልጅነቴ ጎንደርን ላለመስጠት ስንት ሩቅ አገር አስረክቤያለሁ!) የሚከፈለው ዋጋ ምንም አያስወጣም፤ ሆኖም ያንገበግባል፤ የተሸነፈውም በመጨረሻ መልሱን ያውቃል። በአንቺ ጨዋታ ውስጥ ልጁ ሲሳሳት ነጥብ ከመቀነስ በስተቀር ምን ያገኛል? እስከ ቃለ መጠይቁ ድረስ ለዚህ ጥያቄ በሥራ የሚታይ መልስ ብታዘጋጂ፣ ከውጤትሽ ይልቅ እሱ የበለጠ ይናገርልሻል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በእነሱ የብርድ ወራት የሰዓት አቆጣጠር በርሊን ከጠዋቱ 10፡00 ሲሆን በጎንደር ቀን 6 ሰዓት ነው፤ ቀጠሮውን በኢሜይል ስታረጋግጪ የማን ሰዓት እንደሆነ ጨምረሽ ጻፊ። ሁለቱን ገጽ እንደጨረስሽ ላኪልኝና ከማስገባትሽ በፊት አየዋለሁ።