ለቤት ሳውና የወንዝ ድንጋይ ይሆናል ወይ?

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ቤትህ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሳውና፣ ማለትም ውሃ በሚረጭበት የጋለ ድንጋይ የሚሞቅ የላብ ክፍል፣ እየሠራህ ነው። ድንጋዩን ከበሬሳ ወንዝ ልልቀም ወይ፣ ሌላስ ምን ዕቃ ልግዛ ብለሃል።

የወንዙን ተወው። ልስልስ ብሎ ዓይን ይስባል፣ ግን ውሃ ውስጥ የኖረ ድንጋይ ስንጥቁ ውስጥ እርጥበት ይይዛል። ሲግል እርጥበቱ እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ያፈነዳዋል። እናቴ ለጉልቻ ስትመርጥ ከወንዝ የመጣ ድንጋይ አትነካም ነበር። ለሚ አካባቢ ለሲሚንቶ የሚወጣው የኖራ ድንጋይም አይሆንም፣ ሙቀትና ውሃ ሲፈራረቅበት ይፈረፈራል፣ ብናኙን የምትተነፍሰው ደግሞ አንተ ነህ።

ፊንላንዶች የሚወዱት ፔሪዶታይትና ኦሊቪን ዳያቤዝ የሚባሉትን ሙቀት የሚችሉ ከባድ ድንጋዮች ነው። ከማሞቂያው ጋር ከመጣልህ ሌላ አትፈልግ። ካልመጣ ግን አገራችን ጥቁር ድንጋይ ሞልቶታል። እኔ ቤት ያለው ከድንጋይ ካባ የወጣ፣ ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከበድ የሚል፣ ቀዳዳም ዝገትም የሌለው ምረጥ። ጠርዙን በመዶሻ መታ አድርገው፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ድፍን ይላል። ከዚያ ደጅ እሳት ላይ ቀስ ብለህ አግለው፣ አንተ ግን ራቅ በል፤ በረጅም መቆንጠጫ ውሃ ውስጥ ክተተውና ሲበርድ እንደገና ምታው። ከተፈረከሰ ጣለው።

ለኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያለው ይሆናል፣ የማሞቂያህን መመሪያ ግን እይ። በብሩሽ እጠበው። ስትደረድረው አትጠቅጥቀው! አየር ካላለፈ የማሞቂያው ሽቦ ይቃጠላል። ሽቦው ግን ከላይ መታየት የለበትም። በዓመት አንዴ አውርደህ የተፈረፈረውን ቀይር።

ዕቃ ላይ ብዙ አታውጣ። የእንጨት ባልዲ፣ እጀታው ረጅም የሆነ የእንጨት ጭልፋ፣ ለሳውና የተሠራ ቴርሞሜትር ይበቃሃል። የብረት እጀታ ያቃጥላል። የባሕር ዛፍ ዘይት ከወደድክ ባልዲው ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ አድርግ፣ ንጹሑን ዘይት የጋለ ድንጋይ ላይ ካፈሰስከው እሳት ይነሣል።

አንድ የምለምንህ ነገር፦ መብራት ሲጠፋ ከሰል አስገብተህ ክፍሉን ለማሞቅ እንዳትሞክር። በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ ሽታው ሳይታወቅህ ይገድላል። መብራቱ እስኪመጣ ጋቢህን ደርበህ ጠብቅ።