የአባት ወገንም ወገን ነው

«አያቴ እስከ 92 ዓመታቸው አጭሰዋል፤ ካንሰር የዕጣ ነገር ነው» የሚሉ አንባቢ ጽፈውልኛል። ይህ ደብዳቤ በየጊዜው ይደርሰኛል፤ አያቶቹ ብቻ ይለዋወጣሉ። በ50 ዓመታቸው የሞቱት አጫሾች የሚከራከርላቸው የልጅ ልጅ ለማየት አልበቁም።

የ34 ዓመት ወጣት ደግሞ፣ ሁለት አክስቶቿ አንዷ በጡት፣ አንዷ በእንቁልጢ ካንሰር ገና 50 ሳይሞላቸው እንደሞቱ ትነግረኛለች። «ግን የአባቴ እህቶች ናቸው፤ እናቴ ጤነኛ ናት። አያሰጋኝም አይደል?»

ያሰጋሻል እንጂ! የአባትን ወገን የሚዘለው ሰው ብዛቱ ያናድደኛል፤ አንዳንድ ሐኪምም «እናትሽስ?» ብሎ ጠይቆ ያልፋል። ቢአርሲኤ 1 እና 2 በሚባሉት ዘረመሎች ላይ ያለ፣ ለጡትና ለእንቁልጢ ካንሰር የሚያጋልጥ ጉድለት ከአባትም ከእናትም እኩል ይወረሳል። አባትሽ ተሸካሚ ከሆነ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ወንድ በጡት ካንሰር የሚያዘው ከስንት አንዴ ስለሆነ እሱ ሳይታመም ለሴት ልጁ ያወርሳል። ከካንሰር ሁሉ በውርስ የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ነው፤ የሚወረሰውም በሽታው ሳይሆን ተጋላጭነቱ ነው። ግን በለጋ ዕድሜ መታመም፣ ጡትና እንቁልጢ በአንድ ቤተሰብ መገኘታቸው እንደ አጋጣሚ የሚታለፍ ምልክት አይደለም። አባትሽ ፈቃደኛ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይመርመር፤ ጉድለቱ ከተገኘበት አንቺ ላይ ምን መፈለግ እንዳለበት ይታወቃል። የዘረመል አማካሪ ዘንድ ሂጂ። «እስቲ አስብበታለሁ» ብለሽ አትመልሺልኝ፤ የቀጠሮሽን ቀን ጻፊልኝ።

«አባቴ በአስቤስቶስ ሥራ ኖረው ከተዉ 25 ዓመት ሆናቸው። ተርፈዋል ማለት ነው?» ገና ነው። አስቤስቶስ ለግንባታ ይውል የነበረ ቃጫማ ማዕድን ነው፤ ብናኙ የሚያመጣው፣ የሳንባን ሽፋን የሚይዘው ሜሶቴሊዮማ የተባለ ካንሰር ከ20 እስከ 50 ዓመት አድፍጦ ሊወጣ ይችላል። ይታመማሉ ማለቴ አይደለም፤ የሥራ ታሪካቸው ግን ካርዳቸው ላይ ይጻፍ። ሲጋራ ካለ ያስጥሏቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰር አደጋው ከየብቻቸው ድምር ይበልጣል። እናትዎ የሥራ ልብሱን ያጥቡ ከነበረ እሳቸውም ለሐኪም ይንገሩ፤ በልብስ ቤት የገባ ብናኝ የገደላቸው ሚስቶች አሉ።

ወንድማቸው በ44 ዓመቱ በትልቁ አንጀት ካንሰር የተያዘባቸው የ36 ዓመት ጠያቂ «ምንም አያመኝም፤ ልጠብቅ?» ይላሉ። አይጠብቁ። ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያየው ምርመራ፣ ኮሎኖስኮፒ፣ እንደ እርስዎ ላለ ሰው የሚጀመረው በ40 ወይም ዘመድ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ ነው፤ የሚቀድመው ይያዛል። የእርስዎ 34 ላይ ነበር። ሐኪምዎን ያነጋግሩ።

በማይክሮዌቭ የሞቀ ምግብ ጨረር ይይዛል ወይ? አይይዝም።